ከኩርባው በፊት ተሰናበቱ

ለተከበሩ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በደጅዎ ቆሞ "ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለ ለሚመልሰን የጥበቃ ሠራተኛ ሳይቀር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ብርድ ሲነካው ከሚያመኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ሰላምታ በስልክ ላደርሰው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ፋታ የማገኘው አውቶቡስ ላይ ስሆን ብቻ ስለሆነ፣ "ጤና" ብዬ "ይስጥልኝ" ሳልል መስመሩ ቢቋረጥ የቸርኩልዎ ጤና ግማሽ ብቻ እንዳይሆን ሰግቼ ወረቀት መርጫለሁ።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንዲት ሴት ልጄን በስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ መድኃኒት ቤት ሥራ ይዛልኝ፣ ልድራት ሽር ጉድ ስል ነበር ድርጅትዎ ሳይጠራ በቤተሰባችን ጉዳይ የገባው። በሰው ቤት ጉዳይ የገባ ሰው ቢያንስ የቤቱን ባለቤት ማወቅ ስለሚገባው፣ እኔም ራሴን በዚህ መልክ አስተዋውቄአለሁ።

ይህ ደብዳቤ በመሠረቱ የምስጋና ደብዳቤ ስለሆነ ክቡርነትዎ አይደንግጡ። ምስጋናው ወደ ታች ይመጣል። እስከዚያው ግን የደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ወጣት "እናቴ፣ ቅሬታ በተራ ቁጥር ካልቀረበ አይታይም" ስላለችኝ፣ ቃሏን አክብሬ ቅሬታዎቼን በቁጥር እደረድራለሁ።

1ኛ. ስለ ኩርባው

ክቡርነትዎ በአውቶቡስ የሚሄዱ ስለማይመስለኝ ኩርባውን ላስተዋውቅዎ። አውቶቡሳችን ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሲጨርስ፣ የድንጋይ መፍጫውን አጥር ታክኮ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከኩርባው ወዲህ ቀይና ነጭ የተቀባ አንድ ማማ አላችሁ፣ ከኩርባው ወዲያም ቀይና ነጭ የተቀባ ሌላ ማማ አላችሁ። ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ከድንጋይ መፍጫው ደጃፍ ቆሞ ላያቸው ሰው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

ይህን የነገረኝ ከሠራተኞችዎ አንዱ ነው፤ ማንነቱን ብገልጽ የሚከተለውን ስለማውቅ "ደጉ ልጅ" ብዬ ልለፈው። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ስልክ የሚያነጋግር ሰው ከአንዱ ማማ እየራቀ ሲሄድ ያ ማማ ጥሪውን ለሚቀጥለው ማማ ማስረከብ አለበት፤ ለማስረከብ ግን ሁለቱ ጎረቤታሞች መሆናቸው አስቀድሞ መሣሪያው ላይ መሞላት አለበት። የወዲህኛው ማማ የላይኛው ቅርንጫፍ ነው፣ የወዲያኛው ደግሞ የታችኛው ቅርንጫፍ። የላይኛው ቅርንጫፍ የታችኛው ቀድሞ በይፋ እንዲጠይቀው ይጠብቃል፤ የታችኛውም እንዲሁ በትዕግሥት የላይኛውን ይጠብቃል። ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብል እንኳ ያኛው ሳይጨብጥ ይኸኛው አይለቅም፤ የእናንተ ማማ ግን ይለቃል። እኛም ኩርባው ላይ ስንደርስ አንድ በአንድ መሬት ላይ እንፈጠፈጣለን።

ለነገሩ ጥፋቱ የእኛም ነው። "ተንቀሳቃሽ ስልክ" ብላችሁ ሸጣችሁልን፣ እኛም በየዋህነት ተንቀሳቀስን።

2ኛ. ስለ ጨዋነታችን

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። በመስመራችን የሚሠራው የአውቶቡስ ረዳት፣ ከድምፁ ጉልበት የተነሳ "ማይኩ" የምንለው ጎልማሳ፣ አውቶቡሱ የድንጋይ መፍጫው አጥር ጋ ሲደርስ "ተሰናበቱ!" ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ ስልክ ጆሮው ላይ ያለ ሰው ሁሉ "እሺ በቃ፣ ደህና ሁኚ፣ ቤተሰቡን ሰላም በይልኝ፣ ቻው ቻው" ይልና ስልኩን በገዛ እጁ ይዘጋዋል። ይህን የምናደርገው ሰው አክባሪ ስለሆንን ነው። በእናት ወይም በአለቃ ጆሮ ላይ ድርግም ከሚል በወጉ ተሰናብቶ መዝጋት ይሻላል ብለን ነው።

ዘመዳቸው የበዛ አንድ አዛውንት ሁሉንም በየተራ ሰላም ስለሚሉ ስንብታቸውን ገና ከዳገቱ ሥር ይጀምራሉ። አትክልት የምታከፋፍል ጎረቤቴ ከደንበኛዋ ጋር የጀመረችውን ክርክር ኩርባው ሳይደርስባት ለማሸነፍ ስትል ዋጋ መቀነስ ለምዳለች። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ የአለቃውን ጥሪ ዳገቱን ሙሉ ሲያስጮኸው ይቆይና አጥሩ ጋ ሲደርስ ብቻ አንስቶ "አቤት ጌታዬ፣ ኩርባው መጣ ጌታዬ" ብሎ ይዘጋዋል። እሱ በድርጅትዎ ላይ አንዳች ቅሬታ የለውም፤ እንዲያውም ዕድሜዎን ያርዝመው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ ጨዋነታችን ምን ጉድ እያበሰለልን እንደሆነ ግን ያኔ ማናችንም አላወቅንም። እኔማ ሱቄና ቤቴ አጠገብ ላጠገብ ስለሆኑ፣ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር፤ ልጄ እስክትነግረኝ ድረስም ኩርባ የሚባል ነገር ስለመኖሩ አልሰማሁም።

3ኛ. ስለ ልጄና ስለ እጮኛዋ

የልጄ እጮኛ መስታወት ቆራጭ ነው። ሥራ ላይ ሳለ ስልክ አያነሳም፤ መስታወት የያዘ ሰው እጁ ላይ ሌላ ነገር እንዲኖር አይመከርም። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ክፍል ስለሚኖር፣ ለእጮኛ የሚነገር ነገር በዚያ ቤት ተነግሮ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱ ልብ ለልብ የሚያወሩት ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ሰው ጢም ባለበት አውቶቡስ ላይ ነው። እሷም በዚያ ሰዓት ሻይ የምትጠጣበት አጭር ዕረፍት አላት። እሱ ከኩርባው ወዲያ ሲደርስ ዕረፍቷ አልቆ ስልኳ እንደ መድኃኒት ቤቱ ደንብ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል።

ልጄ አባቷን ትመስላለች፤ ወደ ዋናው ነገር ቶሎ አትገባም። ስለ ቀኑ ሙቀት ታነሳለች፣ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ስላቃታት ነገር ታወራለች፣ ምን እንደበላ ትጠይቀዋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" ስትል፣ ማይኩ ይጮኻል። ልጁም "ኩርባው መጣ፣ በቃ ቻው" ብሎ ይዘጋል።

ከሠርጉ በኋላ የት እንኑር ብትለው ኩርባው መጣ። እናትህ አልወደዱኝም መሰለኝ ብትለው ኩርባው መጣ። አንድ ቀን ምን ሆድ እንዳባሳት እንጃ፣ እያለቀሰች "ለመሆኑ ትወደኛለህ?" ብትለው አሁንም ያው ኩርባው መጣ።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ሱቄ ገብታ ከጨርቁ ክምር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "እማ፣ ወንድ በሥራ ያሳብባል፣ በእናቱ ያሳብባል፣ በመንገድ መታጠፊያ የሚያሳብብ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው ጆሮዬ ላይ የሚጠረቅመው። የሆነ ሰው ቤት ሲደርስ ነው" አለችኝ።

4ኛ. ስለ ኮምፒውተርዎ ምስክርነት

ልጁን እወደዋለሁ፤ አልደብቅም። የሱቄ መስታወት ሲሰነጠቅ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ገጥሞ ሲያበቃ የተሰበረውን ስብርባሪ እግሬ እንዳይነካው ብሎ ራሱ ለቅሞ የወሰደ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ውሸታም ነው ማለት ስለከበደኝ ልጄን በእጇ ይዤ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ቢሮዎ ሄድኩ። አንድ የመንግሥትም ይሁን የግል ቢሮ እውነቱን ቢነግራት ልቧ ይረጋላት ይሆናል ብዬ ነበር። ልጄ ሥራዋ የሰው ሕይወት ስለሆነ፣ ከአፍ ወሬ ይልቅ ተጽፎ የተቀመጠውን ታምናለች።

መስኮት ላይ ያለችው ወጣት በትህትና ተቀበለችን፤ ይህንን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የልጄን ቁጥር አስገብታ ቁልቁል ተመለከተችና፣ "ሁሉም ጥሪዎች በደዋዩ የተዘጉ ናቸው። በዚያ ኩርባ ላይ የተቋረጠ ጥሪ የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም በአካባቢው ካሉን ቦታዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው" አለችን። ከበስተጀርባዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ያየሁት ያኔ ነው። ወጣቷ እንዳሳየችን ያው ኩርባ ነው! ማማው በፀሐይ ያበራል፣ ከሥሩም "የማይቋረጥ ግንኙነት" ተብሎ ተጽፎበታል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱ። ድርጅትዎን ላለማሳጣት ብለን የገዛ ስልካችንን በገዛ እጃችን ስንዘጋ ኖርን፤ ድርጅትዎ ደግሞ ይህንኑ ቆጥሮ ኩርባውን ሸለመው። አንድ ምስኪን መስታወት ቆራጭ በእጮኛው ጆሮ ላይ ድርግም እንዳይልባት በወግ "ቻው" ስላለ፣ ኮምፒውተርዎ ከእናቷ ፊት መሰከረበት። ሥራውን አላጓደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ አላለቀሰችም። የፈራሁትም ይህንን ነው። ቀለበቱን አውልቃ በመዳፌ ላይ አኖረችውና ለእናቱ እንድመልስ ላከችኝ። ስልኩንም ማንሳት ተወች።

5ኛ. ስለ እኔ ጉዞ

ቀለበቱን በመሀረብ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጉጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን እየወጣን ሳለ ልጄ ደወለች። ልቧ እየዋለለ እንደሆነ ከአተነፋፈሷ ገባኝ። እናት ነኝና "ልመለስ እንዴ የኔ ልጅ? ወይስ" ብዬ ስጀምር ማይኩ ጮኸ፣ አውቶቡሱ በሙሉ በአንድ አፍ ተሰናበተ፤ እኔ ግን ለመስመሩ አዲስ ስለሆንኩ አፌን ከፍቼ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ከዚያ ስልኬ ድርግም አለ። ከኩርባው ወዲያ ወጥተን ብደውል ልጄ አላነሳችም። በኋላ እንደነገረችኝ "እማም ዘጋችብኝ" ብላ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ዘመደ ብዙው አዛውንት ክንዴን ነካ አድርገው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ይለመዳል" አሉኝ። ብብቴ ያለውን ቀለበት በልብሴ ላይ በእጄ ያዝኩት። የልጁ ነገር እንደ መብራት ወለል ያለልኝ ያኔ ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ መንገድ ተሻግሬ በመልሱ አውቶቡስ ተመለስኩ።

ለልጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ማይኩን እንዳለ አስመስዬ "ተሰናበቱ!" ብዬ ጮኽኩላት፣ የሱቁ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ዘወር እስኪሉ ድረስ። እሷ ግን "እማ፣ አንቺ እሱን ትወጂዋለሽ። ኮምፒውተሩ ማንንም አይወድም" አለችኝ። ይህን ሲሰሙ ደስ እንዲልዎ ነው የጻፍኩት፤ የገዛ ልጄ ከእናቷ ቃል የድርጅትዎን ቃል አስበልጣለች። ቀለበቱን ለእናቱ አላደረስኩም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ በአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ ደበቅኩት።

6ኛ. ስለ ሁለቱ ቴክኒሻኖች

ወደ ቢሮዎ ደጋግሜ ስለተመላለስኩ ይሁን ስለሰለቸኋችሁ፣ አንድ ቀን ሁለት ቴክኒሻኖች ኩርባውን ሊመረምሩ መጡ። እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጆቹ የሚያማምሩ ናቸው፣ መኪናውም አዲስ ነው፣ መሣሪያውም ሳይሆን አይቀርም። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ዳር ይዘው አቆሙ፤ ሞተር አጠፉ፤ መሣሪያውን ከፈቱ። "ሙሉ ነው እናቴ፣ ምንም ችግር የለውም" አሉኝ። ወደ ወዲያኛው ጎን ነድተው እንደገና አቆሙ፤ እዚያም ሙሉ ነው።

እየነዳችሁ ለኩት እንጂ ብላቸው አንደኛው ደነገጠ። ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል መኪና እየሄደ መሣሪያ መክፈት በመመሪያ የተከለከለ መሆኑን በአክብሮት ገለጸልኝ። አውቶቡሱ እኮ እዚህ አይቆምም ስለው፣ "እንግዲያው የአውቶቡሱ ችግር ነው" አለኝ። መመሪያውን ያወጣውን ሰው ነፍስ ይማርልኝ፤ በሕይወትም ካለ ጤናውን ያብዛለት። በመንቀሳቀስ የመጣን በሽታ አቁሞ የሚመረምር ሐኪም ያገኘን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ከዚህ ወዲያ በቁጥር አልሄድም፤ ቅሬታዬ ባያልቅም ቁጥር አሰልችቶኛል።

በማግስቱ ማታ ራሴ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ፣ ከማይኩ አጠገብ ቆሜ፣ ባልለመድኩት ድፍረት ለተሳፋሪው ነገሩን አስረዳሁ። የምንሰናበተው እኛ፣ የምንዘጋው እኛ፣ ተመስጋኙ ደግሞ ኩርባው ነው አልኳቸው። ከነገ ጀምሮ ማንም አይሰናበት፤ ይቆረጥብን፣ መቆረጡም ይታይ አልኳቸው። ጭቅጭቅ ተነሳ። የአለቃውን ጥሪ የሚዘጋው ሠራተኛ አጥብቆ ተቃወመ፤ "የሠለጠነ አሠራር ለምን ይፈርሳል?" አለ። አዛውንቱ "ታናሽ እህቴ ልቧ ደካማ ናት፣ ሞተ ብላ ታለቅሳለች" ብለው ፈሩ። በመጨረሻ ግን የአትክልት አከፋፋይዋ "እኔ ጎመኔን በኩርባ ምክንያት በኪሳራ ሸጫለሁ፤ አልሰናበትም!" ስትል ነገሩ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ባዩልን! አውቶቡሱ አጥሩ ጋ ሲደርስ ማይኩ አፉን በመዳፉ ያፍናል፤ የለመደበትን ጩኸት መዋጥ ለእሱ ቀላል አልነበረም። እኛም ወሬያችንን ቀጥ አድርገን እንቀጥላለን፤ ከዚያ ድርግም ነው፣ አርባ አፍ በአንድ ጊዜ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። ባልና ሚስት ተቀያየሙ፣ አንዷ ከሥራ ልትባረር ለጥቂት ተረፈች፣ የአዛውንቱ እህትም እንደተፈራው አለቀሱ። ልጄ ስልክ ስለማታነሳለት መስታወት ቆራጩ የሚያናግረው ሰው አልነበረውም፤ ስለዚህ ወደ እኔ ይደውልና ኩርባው እስኪቆርጠን ድረስ ስለ መስታወት ዓይነቶች ያወራኛል። አንዴም ስለ እሷ አልጠየቀኝም። ድምፁ ግን የሚጠይቀው እሷኑ እንደነበር ደንቆሮ እንኳ ይሰማው ነበር።

ደጉ ልጅ እንደነገረኝ በቢሮዎ ግርግር ተፈጠረ። አንደኛ የነበረው ኩርባ በአንድ ጊዜ መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ስብሰባ ተጠራ፤ ተሳፋሪዎች ስልክ በአግባቡ ስለማይጠቀሙ ነው የሚል ሐሳብም ቀረበ አሉ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጥፋቱ የእኛ አይደለም በሚለው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ከዚያ የስብሰባው ፍሬ ለከተማው ደንበኛ ሁሉ በአጭር መልእክት ደረሰ። ክቡርነትዎ ፈርመውበት ረስተውት ከሆነ እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

"ውድ ደንበኛችን፤ ከድንጋይ መፍጫው አጠገብ ባለው ኩርባ ላይ እየተጓዙ ሲነጋገሩ ጥሪዎ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ኩርባው ላይ ከመድረስዎ በፊት ተሰናብተው እንዲዘጉ በትህትና እንጠይቃለን። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

እኔ መልእክቱ ሲደርሰኝ የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር፤ አንብቤ ሳቄንም ንዴቴንም መያዝ አቅቶኝ ኮሌታውን አጣምሜ ሰፋሁት። እኛ በገዛ አእምሯችን የፈጠርነውን ዘዴ መልሳችሁ እንደ መፍትሔ ላካችሁልን። ምናልባት ማይኩንም ትቀጥሩት ይሆናል።

ልጄ በዚያ ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ከበስተኋላዬ ተቀምጣ የክር ጫፍ ትለቅምልኝ ነበር። የእሷም ስልክ ጮኸ። በልቧ አነበበችው። ቆይታ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው፤ "ተሰናብተው እንዲዘጉ" የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። የአዝራር ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና ነጩን፣ ሰማያዊውን፣ ባለ አራት ቀዳዳውን በጣቷ ትበትን ጀመር። ቀለበቱን የት እንደደበቅኩት ለካ ስታውቅ ኖራለች።

ልጁ የዚያን ዕለት ማታ እንደ ልማዱ ለእኔ ሲደውል፣ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። እኔ መርፌ ፍለጋ መስዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ኩርባው እንደቆረጣቸው የገባኝ በሩን ከፍታ ብቅ ስትል ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ነበር፤ "ተቆረጠ እማ! ራሱ ተቆረጠ!" አለችኝ። በዚህ ዓለም ላይ ስልክ ስለተቆረጠባት እንዲህ የተደሰተች ሴት ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እነሆ ምስጋናዬ፣ ክቡር ሆይ፤ ያለ ቀልድ ይቀበሉኝ። እናት ብትምል፣ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ቢመሰክር ያልታመነውን፣ ድርጅትዎ ሳያስበው በገዛ ቃሉ መሰከረ። ይህን ቃል ለማግኘት በደጅዎ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ስጠይቅ የተከለከልኩትን፣ ልታሳፍሩን ስትሉ በየኪሳችን ላካችሁልን። ስለዚህ ውለታ ለክቡርነትዎ የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የሙሽሮቹ መኪና በኩርባው ስለሚያልፍ፣ ቢመጡልን መንገዱንም ያዩታል። ስልክዎን ክፍት አድርገው እንዲመጡ በትህትና እለምናለሁ፤ መኪናዎንም እባክዎ አያቁሙ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከሠርጉ በኋላ ልጄ ከኩርባው ወዲያ ትኖራለች፣ እኔም ከኩርባው ወዲህ ብቻዬን እቀራለሁ። ልጠይቃት ሄጄ ማታ ስመለስ፣ በሰላም መግባቴን ለማወቅ መደወሏ አይቀርም፤ እኔም እንደ አባቷ ነኝና ዋናውን ነገር የማወራው መጨረሻ ላይ ነው። እነዚያን ሁለት ማማዎች የሚያስተዋውቃቸው ሰው ከጠፋ፣ እኛ በመስመሩ የምንመላለስ ሰዎች ሽማግሌ መርጠን በመካከላቸው ለመግባት ዝግጁ ነን። አዛውንቱ ከወዲሁ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል፤ ከሁለቱም ቅርንጫፍ ዘመድ አላቸው።

የድርጅትዎ ማማዎች ዘመናቸውን ሙሉ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ መመሪያዎችዎ በመሳቢያ ውስጥ በደህና ይረፉ፤ ስብሰባዎችዎ በፍቅር ይጀመሩ፣ በስምምነትም ይጠናቀቁ፤ እርስዎም በሄዱበት ሁሉ መስመሩ ሙሉ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት ከወንበሬ ብድግ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣
ከገበያው ጀርባ ያለችው የዩኒፎርም ሰፊ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳላሽገው፣ ትናንት ከወደፊቱ አማቾቼ ቤት ስመለስ ከድርጅትዎ ተደወለልኝ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ በአገልግሎታችሁ ረክቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሆዴን ልነግራት ስሰናዳ አውቶቡሱ አጥሩን ነካ፤ መልእክታችሁ ደርሶን አድማችንን ካቆምን ወዲህ ማይኩ ወደ ሥራው ተመልሷልና "ተሰናበቱ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ "እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ፣ ቻው" ብዬ ዘጋሁት። ቤቴ ስገባ "ስለ ሰጡን መልካም አስተያየት እናመሰግናለን" የሚል መልእክት ጠበቀኝ። እንግዲህ በእኛ መስመር ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው ኩርባው ሲመጣበት እንደሆነ ክቡርነትዎ ይወቁልኝ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ምስጋናዎችም እንደዚሁ አድርገው ያንብቡልኝ።